«ራን» በምትባል ቃል እናቴን ሐኪም ፊት ሯጭ አደረግኋት

የእማማ_ሹፌር (ቨርጂኒያ) — እሑድ ማታ

ሰላም ለዚህ ቤት። ብዙ ጊዜ አነባለሁ እንጂ አልጽፍም፤ የዛሬውን ግን ይዤው መተኛት አቃተኝ።

እናቴ 68 ዓመቷ ነው፣ ከአገር ቤት ከመጣች ስምንት ወር ሆናት። ባለፈው ሳምንት ሆዷን ሲያማት ክሊኒክ ወሰድኳት። «አስተርጓሚ ይፈለጋል ወይ?» ብለው ጠየቁኝ፣ «እኔ አለሁ» አልኩ። አሥራ አንድ ዓመት እዚህ የኖርኩ ሰው ምን ያቅተኛል ብዬ። ሐኪሟ ወጣት ናት፣ ፈገግታዋ ደስ ይላል፣ ስትናገር ግን ግማሹን ቃል ትውጠዋለች። ትንሽ ስትጠይቅ ቆየችና «ዱ ዩ ሃቭ ዘ ራንስ?» አለች።

እኔም ሳላቅማማ ዞር ብዬ «እማዬ፣ ትሮጫለሽ ወይ? ነው የምትለው» አልኳት።

እናቴ ሐኪሟን አየቻት፣ እኔን አየችኝ፣ ነጠላዋን አስተካከለችና «በስመ አብ! በዚህ ጉልበቴ? ቤተ ክርስቲያን እንኳ የምሄደው በምርኩዝ ነው በላት» አለች። አሳምሬ ተረጎምኩ። ሐኪሟ ግራ ገብቷት ኮምፒውተሯ ላይ የሆነ ነገር ጻፈች። ቀጥላ ደግሞ «ዳዝ ኢት ራን ኢን ዘ ፋሚሊ?» ስትል እኔ አሁንም ከመሙ አልወጣሁም፤ «ከቤተሰብስ የሚሮጥ አለ?» ብዬ ጠየቅኳት። እናቴ እዚህ ላይ ፊቷ በራ። «ታላቅ ወንድሜ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ለክብር ዘበኛ ይሮጥ ነበር። ሜዳሊያም አለው።»

ይህንንም ተረጎምኩት። የነቃሁት ሐኪሟ አፏን ይዛ ስትስቅ ነው።

ቤት ገብቼ መዝገበ ቃላት ስከፍት ይህች በእንግሊዝኛ ሦስት ፊደል ብቻ ያላት «ራን» የምትባል ቃል ገጽ ከገጽ ሞልታ አገኘኋት። ሰው እንዴት ነው የሚይዛት? እናንተንስ ምን አድርጋችሁ ታውቃለች?

---

አራዳ_ነኝ (ፒያሳ) — እሑድ ማታ

«ለክብር ዘበኛ ይሮጥ ነበር» ላይ ስደርስ ከወንበሬ ልወድቅ ነበር። ማዘር አልተሳሳቱም እኮ! ያገራችን ሰው ስለ ሩጫ ሲጠየቅ ሜዳሊያ ነው ትዝ የሚለው።

እኔ ይህችን ቃል የማውቃት ከቲሸርት ላይ ነው። ከ1994 ዓ.ም. ጀምሮ አዲስ አበባ በየዓመቱ ታላቁን ሩጫ ስትወጣ ደረታችን ላይ ተጽፋ እናያታለን። መሮጡን እንኳ ተዉት፣ እኔ ከስታዲየም እስከ መስቀል አደባባይ ጨፍሬ ነው የምጨርሰው።

---

ሐበሻ_ነርስ (ሜሪላንድ) — እሑድ፣ እኩለ ሌሊት ገደማ

ወንድሜ፣ አይዞህ፤ በዚህ ቃል የወደቅኸው አንተ ብቻ አይደለህም። «ዘ ራንስ» ማለት ተቅማጥ ነው። ሐኪሞች ወረቀት ላይ አይጽፏትም፣ ለበሽተኛ ቀለል አድርገው ሲያወሩ ግን ከአፋቸው ትወጣለች።

አሁን ልብ በል። ያገራችን ጤና ጣቢያ ውስጥ ይኼንኑ ጥያቄ እንዴት ነው የሚጠይቁት? «ያስቀምጥዎታል ወይ?» ብለው አይደለም? እንግሊዝኛው በሽተኛውን ሲያስሮጠው አማርኛው ያስቀምጠዋል። በሽታው አንድ ነው። አንዱ ወደ ሽንት ቤት የሚወስደውን መንገድ አየ፣ ሌላው እዚያ ከደረሱ በኋላ ያለውን።

እኔ ጉዱን ያየሁት ከወዲያኛው በኩል ነው። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን አንዲት እናት ሕፃን ታቅፈው መጡና «ልጄን አስቀመጠው» አሉ። በስልክ የነበረው አስተርጓሚ እዚህ ተወልዶ ያደገ ልጅ ሳይሆን አይቀርም፤ «ልጇን አንድ ሰውዬ የሆነ ቦታ አስቀምጦታል» ብሎ አረፈው። ሐኪሙ ደንግጦ «ማነው ሰውዬው? የት ነው ያስቀመጠው?» እያለ ማኅበራዊ ሠራተኛ ሊያስጠራ ሲል እኔ ደረስኩ።

ለማንኛውም በኛ ሥራ ይህች ቃል ሳትነሳ የምትመሽ ቀን የለችም። አፍንጫ ራን ካደረገ ይፈሳል ማለት ነው። ሰው ትኩሳት ራን ካደረገ አተኩሶታል። ግሉኮስ ራን ሲደረግለት በደም ሥሩ እየገባለት ነው። ምርመራ ራን ይደረጋል። ራን ዳውን የሆነ ሰው ዝሏል፣ አቅም አጥቷል። ኢን ዘ ፋሚሊ የሚሮጠው ደግሞ በዘር የሚመጣው ሕመም ነው፤ አጎትህ አይደሉም። ሐኪሙ ራንኒንግ ሌት ነው ከተባልክ ቁጭ ብለህ ትጠብቃለህ፤ ዘግይቷል።

አንድ ነገር ግን ልቆጣህ። ሜዲኬርና ሜዲኬድ የሚባሉትን የመንግሥት የጤና መድኅኖች የሚቀበል ክሊኒክ አስተርጓሚ በነጻ የማቅረብ ግዴታ አለበት፣ በአካልም ይሁን በስልክ ወይም በቪዲዮ። ሲጠይቁህ «እኔ አለሁ» አትበል። ቋንቋውን ብትችል እንኳ እናት በልጇ ፊት የማታወጣው ሕመም አለ።

---

የእማማ_ሹፌር — ሰኞ ጠዋት

እህቴ፣ ቁጣሽን ተቀብያለሁ። «አስቀመጠው» የሚለውን ለእማዬ ሳነብላት ቡናዋን ልትደፋ ነበር። የሚቀጥለው ቀጠሮ ላይ አስተርጓሚ አስይዣለሁ።

---

መምህር_ዘጣና (ባሕር ዳር) — ሰኞ ከሰዓት

እንግሊዝኛ ሳስተምር ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው፤ ስለዚህች ቃል የምለው ስላለኝ ትዕግሥት አድርጉልኝ።

በታላቁ የኦክስፎርድ መዝገበ ቃላት ውስጥ ራን በግሥነቷ ብቻ 645 ትርጉም ተቆጥሮላታል። ፒተር ጊሊቨር የሚባሉት አዘጋጅ እሷን ብቻ ለማሰናዳት ዘጠኝ ወር ፈጅቶባቸዋል፤ ልጅ ተፀንሶ የሚወለድበት ጊዜ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1989 በወጣው ባለ 20 ቅጽ እትም ዙፋኑን ይዛ የነበረችው «ሴት» ናት፣ 430 ትርጉም ይዛ። (እህቶቼ እንዳትቆጡ፣ ማኖር፣ ማስቀመጥ የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል ነው የምለው።) እ.ኤ.አ. በ2011 ራን ተከልሳ ስትወጣ ሮጣ ቀደመቻት።

እንዴት እንዲህ በዛች? ተማሪዎቼ ሁሌም «ራን ማለት ሮጠ፣ ሌላው ሁሉ ቅጥያ ነው» ይላሉ። እኔ እንዲህ አላየውም። በጥንቱ እንግሊዝኛ ሁለት ግሦች ነበሩ። አንደኛው በራሱ የሚሮጥ፣ የሚፈስ ነገር ነው፤ ሰውም ውኃም። ሁለተኛው ሌላውን የሚያስሮጥ ነው፤ ፈረስ መጋለብ ለምሳሌ። ከስካንዲኔቪያ የመጡት ሰዎችም ተመሳሳይ ቃል ይዘው ስለነበር አገዟቸው። ከጊዜ ብዛት ሁለቱ ተቀላቅለው አንድ ቃል ሆኑ። የጀርመንኛ ዘመዶቻቸው እስካሁን ለየብቻ ናቸው፤ «ሪነን» ፈሰሰ ነው፣ «ሬነን» ሮጠ።

ወደኛ ስንመጣ «ሮጠ» እና «አስሮጠ»፣ «ሄደ» እና «አስኬደ» በየቤታቸው ይኖራሉ። በእንግሊዝኛ ግን «አስ» የምትለዋ ተውጣ ቀርታለች። ሰውዬው ሱቅ ራን ያደርጋል ሲሉ ሱቁን ያስኬዳል ማለታቸው ነው። ማሽን ራን ያደርጋል፣ ያንቀሳቅሳል። ገንዳ ራን ያደርጋል፣ ውኃ ያስወርዳል። ስለዚህ ተማሪዎቼን የምላቸው ይህን ነው፦ ከራን በኋላ ተሳቢ ካያችሁ ድብቋን «አስ» ፈልጓት። ተሳቢ ከሌለ መጀመሪያ ሩጫን ሳይሆን መፍሰስን አስቡ። አፍንጫ ይፈሳል፣ ቀለም ይለቃል፣ ቲያትር ሳምንት ሙሉ ይታያል፣ ውል እስከ ሰኔ ይዘልቃል። ሁሉም የሚወርድ ውኃ ነው።

---

ቡና_ያለስኳር (ሲልቨር ስፕሪንግ) — ሰኞ ማታ

መምህር፣ አክብሮቴ እንደተጠበቀ ሆኖ፣ ይህ ሕግዎ ፈተና ላይ ይጥላል።

ቀይ መብራት ራን ያደረገ ሹፌር መብራቱን «አስኬደ» ልበል? ጣሰ ነው እንጂ። ትኩሳት ራን ያደረገ ሰውስ ትኩሳቱን አስሮጠው? ማራቶን ራን ያደረገውስ? ጋዜጣ ወሬ ራን ሲያደርግ አወጣ ነው። ሰው ራን ኦቨር ሲደረግ ተዳጠ ነው፤ እዚህ ውስጥ ምን ውኃ ይወርዳል?

በተለይ «ራን ኢንቱ» የምትባለዋ አታላይ ናት። ድንገት መገናኘትም እሷ፣ መጋጨትም እሷ። አብራኝ የምትኖር ልጅ አዲስ በመጣች ጊዜ የምንሠራበት ሱቅ ኃላፊ «ትናንት መኪና ማቆሚያው ላይ ወንድምሽን ራን ኢንቱ አድርጌው» ሲላት ስልኳን ይዛ እያለቀሰች ወጣች። ሦስት ጊዜ ደወለች፣ አላነሳም፤ ለካ ወንድሟ ጂም ውስጥ ነው። ኃላፊው እስከ ዛሬ ምን እንዳስለቀሳት አያውቅም።

ስለዚህ ሥር የለውም ባይ ነኝ። 645 ከሆነ 645 ነው፤ እየተመቱ መማር ነው።

---

መምህር_ዘጣና — ማክሰኞ

ቡና፣ ቀይ መብራቱ ላይ ይዘሽኛል። ሕጌን እቀንሳለሁ፤ «ብዙ ጊዜ» የምትል ቃል ጨምሪበት። ነገር ግን «ሥር የለውም» የሚለው ላይ አንስማማም። ሥር ያለው ዛፍ ቅርንጫፉ ሁሉ ወደ አንድ አቅጣጫ አያድግም።

በተሞክሮዬ ተማሪ የሚድነው ትርጉም በመቁጠር አይደለም፣ ቃሏን ከነጎረቤቷ በመያዝ ነው። ራን ብቻዋን ምንም አትልም። ከኋላዋ አውት ከመጣ አለቀ፤ አዌይ ከመጣ ኮበለለ፤ ኦቨር ከመጣ ዳጠ፤ ፎር ከመጣና ምርጫ ከሆነ ተወዳደረ። ቮልፍ ሌስላው እ.ኤ.አ. በ1973 ያሳተሙት የእንግሊዝኛ አማርኛ መዝገበ ቃላት ይህን ገና ያኔ ነቅቶበት ነበር፤ ቃሉን ከነዓረፍተ ነገሩ ነው የሚያስቀምጠው። እኔ የወጣትነት አስተማሪዬ እሱ ነው፣ ጀርባው ተገንጥሎ በፕላስተር ይዞታል።

---

አርሊንግተን_ታክሲ (ቨርጂኒያ) — ማክሰኞ፣ ከምሽቱ አራት ሰዓት

ሁለታችሁም መጽሐፍ ትጠቅሳላችሁ፤ እኔ መንገድ ልጥቀስ።

እዚህ ስመጣ መጀመሪያ ያረፍኩት ኮሎምቢያ ፓይክ አካባቢ ነው። ዘመዴ መኪና ሊያለማምደኝ ይዞኝ ሲዞር «ፎር ማይል ራን» የሚል የመንገድ ምልክት አየሁ። «እነዚህ ሰዎች የሩጫ መንገድ ለብቻ አላቸው ማለት ነው» አልኩ በልቤ። ወደ ቨርጂኒያዋ እስክንድርያ ስንወርድ «ሆልምስ ራን»። ትንሽ ሄድ ስንል «ባክሊክ ራን»። ከዚያ «ካሜሮን ራን»። ለአገር ቤት ጓደኛዬ ደውዬ «አሜሪካኖች በየሰፈሩ ሩጫ አላቸው፣ በስፖንሰሩ ስም ሰይመውታል፤ ሆልምስ የሚባል ሀብታም አለ» አልኩት። ጓደኛዬ የአሰላ ልጅ ነው፣ «ሽልማቱ ስንት ነው?» ብሎ ጠየቀኝ።

ሁለት ዓመት ሙሉ እንዲህ ነው የኖርኩት። በኋላ አንድ ሸምገል ያለ ተሳፋሪ ጫንኩና ዝናብ እየዘነበ ስለነበር «ዛሬ ራኑ ሞልቷል» አለኝ። ሯጮቹ ሞልተዋል ያለ መስሎኝ «በዚህ ዝናብ?» አልኩት። ተሳስቀን ተሳስቀን በመጨረሻ ወደ ድልድዩ አመለከተኝ። ጅረት! ለካ በዚህ በቨርጂኒያ በኩል ራን ማለት ትንሽ ወንዝ ነው። ኒው ዮርክ በኩል ያሉት ሆላንዶች ትተውት በሄዱት ቃል «ኪል» ይሉታል፣ ሌላው አሜሪካ «ክሪክ» ይለዋል፣ እዚህ ራን ነው። ፎር ማይል ራን ራሱ አራት ማይል አይደለም፤ ወደ ዘጠኝ ማይል ተጉዞ ከሬገን አውሮፕላን ማረፊያ በስተደቡብ ፖቶማክ ይገባል። ሆልምስና ባክሊክም ሀብታሞች ሳይሆኑ ሁለት ጅረቶች ናቸው፤ እስክንድርያ ላይ ሲገናኙ ካሜሮን ራን ይባላሉ።

ከሁሉ የሚገርመው «ቡል ራን» ነው። ምልክቱን ሳይ ስፔኖች ኮርማ ፊት የሚሮጡት ዓይነት ነገር መስሎኝ ነበር። የእርስ በርስ ጦርነታቸው የመጀመሪያው ትልቅ ውጊያ ነው ለካ፣ እ.ኤ.አ. ሐምሌ 1861፣ እዚሁ ምናሴስ አጠገብ። በዓመቱ እዚያው ቦታ ደግመው ተዋጉ። ሰሜኖቹ ውጊያን በወንዝ ስም ስለሚጠሩ ቡል ራን አሉት፤ ደቡቦቹ በከተማ ስም ስለሚጠሩ ምናሴስ አሉት። በመጀመሪያው ውጊያ የሰሜኑ ጦር ተሸንፎ እስከ ዋሽንግተን ድረስ ስለሮጠ ስሙ ያለ አግባብ አልወጣለትም የሚል ተሳፋሪም ገጥሞኛል።

ስለዚህ መምህሩ «መፍሰስን አስቡ» ሲሉ እጄን አወጣለሁ። እኛም እኮ «ወራጅ ውኃ» እንላለን፣ ታክሲ ውስጥ ሆነን ደግሞ «ወራጅ አለ!» እንላለን። አንድ ፈረንጅ አዲስ አበባ ታክሲ ውስጥ ቁጭ ብሎ «ጅረት አለ!» ብሎ ቢተረጉመው ከኔ በምን ይለያል?

---

አራዳ_ነኝ — ማክሰኞ ማታ

«ሽልማቱ ስንት ነው?» የአሰላ ልጅ እንዲህ ነው!

---

የናታንያዋ (እስራኤል) — ረቡዕ

በዕብራይስጥ ሮጠ «ራጽ» ነው፤ ሥሩ ከግዕዙ «ሮጸ» ጋር አንድ ነው። ጸጉር ጠጉር እንደሚሆነው ሮጸም በአማርኛ ሮጠ ሆነ። አያቴ ዕብራይስጥ ሳይማሩ አውቶቡስ ሲያመልጣቸው የልጅ ልጆቻቸው የሚሉትን የሰሙት በዚህ ነው።

እዚህም ፖለቲከኛ ለክኔሴት፣ ለፓርላማችን ማለቴ ነው፣ «ይሮጣል»። ከእንግሊዝኛ ተውሰውት ይሁን አይሁን እንጃ፣ ጆሮ ግን ለምዶታል። ለመምህሩ ግን አንድ ስጦታ አለኝ። የኮምፒውተር ፕሮግራም ማስኬድ በዕብራይስጥ «ለሃሪጽ» ነው፣ ቃል በቃል ማስሮጥ። ድብቋ «አስ» እኛ ጋ አልተደበቀችም።

---

ኮድ_ቀጂ (ካሊፎርኒያ) — ረቡዕ

በአማርኛ ፕሮግራም «አስኪደው» የሚል ሰው ሶፍትዌር ትርጉም ላይ ነው ያየሁት። በተረፈ ሁላችንም «ራን አርገው» ብለን ተገላግለናል። ይሮጣል ወይ? ይሮጣል። ሲቆም ደግሞ «ክራሽ አደረገ» እንላለን።

---

በረኛው_ዱባይ — ረቡዕ ሌሊት

እኔ የምሠራበት መጋዘን ውስጥ ከኔ በቀር ሁሉም ሕንድና ፓኪስታን ነው። ዓርብ ዓርብ ሜዳ ይወጣሉ፤ ያው ክሪኬት ነው። «ስንት ራን?» «መቶ አሥር ራን!» እየተባባሉ ይጮኻሉ። መጀመሪያ ዙር የሚቆጥሩ መስሎኝ ነበር፤ መቶ አሥር ዙር የሮጠ ሰው እንዴት ነጭ ሱሪው አይቆሽሽም እያልኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሁለቱ መቺዎች ከዚያኛው ጫፍ ወደዚህኛው ቦታ ተቀያይረው ሲደርሱ አንድ ራን ይቆጠራል። መሐሉ ሃያ ሜትር ያህል ነው። ኳሷ መሬት ነክታ የሜዳውን ጠርዝ ካለፈች ግን አራት ራን፣ በአየር ካለፈች ስድስት ራን፣ ማንም ሳይሮጥ! መቺው ዱላውን ተደግፎ ቆሞ ስድስት ራን ያገኛል። ይህን ያየሁ ቀን ቃሏን ለመረዳት መሞከሬን ተውኩት።

---

ኮድ_ቀጂ — ሐሙስ

በረኛው፣ ሳይሮጡ መሮጥ ከተነሳ የባንክ ራንም አለ። ሕዝቡ ባንኩ ሊወድቅ ነው ብሎ ገንዘቡን ለማውጣት በአንድ ጊዜ ሲያጥለቀልቀው ማለት ነው። ድሮ በእውነት ይሮጥ ነበር፣ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ መጀመሪያ የተነሱ ፎቶዎች ላይ ባርኔጣ ያደረገ ሕዝብ በር ላይ ተኮልኩሎ ይታያል። እ.ኤ.አ. መጋቢት 2023 ሲሊከን ቫሊ ባንክ ላይ የሆነው ግን ሌላ ነው፤ ደንበኞች በአንድ ቀን ብቻ 42 ቢሊዮን ዶላር ለማውጣት ጠየቁ፣ አብዛኛው ከወንበሩ ሳይነሳ ስልኩን ነካክቶ። በማግስቱ ባንኩ ተዘጋ።

---

ጋሼ_መነጽር (ለንደን) — ሐሙስ ማታ

ልጆች፣ ከሩቅ ሆኜ ስስቅ ሰነበትኩ። አንድ ሁለት ነገር ልጨምር።

«እንግሊዝኛ» እያላችሁ የምታሙት ብዙው የአሜሪካኖቹ ነው። እዚህ ለፓርላማ የሚወዳደር ሰው አይሮጥም፤ «ይቆማል» ነው የሚባለው። አንዱ አገር ዕጩውን ያስሮጠዋል፣ ሌላው ያቆመዋል፣ እኛ ደግሞ እናወዳድረዋለን። የአሜሪካው ምክትል ፕሬዚዳንት ዕጩ «ራንኒንግ ሜት» የሚባለውም ከፈረስ እሽቅድምድም የመጣ ነው፤ ለዋናው ፈረስ ፍጥነት እንዲያወጣለት አብሮት የሚሮጥ ጓደኛ ፈረስ ነበር። የሴት ስቶኪንግ ሲተረተርም አሜሪካኖቹ ራን ይሉታል፣ እዚህ «መሰላል» ነው የሚባለው። ባለቤቴ ከዋሽንግተን የመጣች የእህቷ ልጅ «ስቶኪንግሽ ላይ ራን አለ» ስትላት ነፍሳት መስሏት እያራገፈች ዘለለች።

ሁለተኛው ነገር። ይህችን ቃል «አታላይ» ብላችኋል። እስቲ የኛን «ወጣ» አውጥታችሁ ተመልከቱ። ፀሐይ ወጣች፣ ተራራ ወጣ፣ ዕቁብ ወጣለት፣ ሎተሪ ወጣለት፣ ስም ወጣለት፣ መጽሔት ወጣ፣ ቡጉር ወጣበት፣ ዕድፉ ወጣ፣ ብዙ ብር ወጣበት፣ ጉዱ ወጣ፣ ነፍሱ ወጣች። ሥራ ቦታ አማርኛ የሚማር አንድ እንግሊዛዊ ነበር። ዕቁቤ የደረሰኝ ቀን «ዕቁብ ወጣልኝ» ስለው «ወዴት ነው የወጣው? ይመለሳል?» አለኝ። አዝኖልኝ ነው። ቡጉሩንና ሎተሪውን አንድ ቃል ለምን ያወጣቸዋል ብሎ ቢጠይቀኝ መልስ አልነበረኝም። እኛ ቁጭ ብለን ቆጥረን አናውቅም እንጂ ዘጠኝ ወር የሚሰጠው አዘጋጅ ቢያገኝ «ወጣ» ስንት ይወጣው ነበር?

---

ቡና_ያለስኳር — ሐሙስ ሌሊት

ጋሼ፣ «ስንት ይወጣው ነበር» ብለው አንድ ጨመሩበት እኮ! ዋጋም ይወጣል።

---

አዲስ_ፍሪላንሰር (አዲስ አበባ) — ዓርብ

ይቅርታ፣ ዘግይቼ ነው የገባሁት። እኔ ግራፊክስ እሠራለሁ፣ ደንበኞቼ ውጭ ናቸው፣ ሁሉም ነገር በጽሑፍ ነው። በዚህች ቃል ሁለት ጊዜ ተዋርጃለሁ።

አንደኛ፣ ደንበኛዬ «ከመላክህ በፊት ራን ኢት ባይ ሚ» አለኝ። ፍጠን፣ በሩጫ ላክልኝ ያለኝ መስሎኝ በዚያው ሌሊት ጨርሼ በቀጥታ ለማተሚያ ቤቱ ላክሁለት። ሁለተኛው ይብሳል። ለሌላ ደንበኛ የሠራሁትን አርማ አይቶ «ራን ኦፍ ዘ ሚል» ብሎ ጻፈልኝ። ወፍጮ አለበት፣ ሩጫ አለበት፣ ጠንካራ ሥራ ነው ማለቱ ነው ብዬ «ከልብ አመሰግናለሁ፣ አስተያየትዎን ገጼ ላይ መለጠፍ እችላለሁ?» አልኩት። ለጠፍኩትም። ሁለት ወር ቆየ።

---

ቡና_ያለስኳር — ዓርብ

ወይኔ ወንድሜ፤ አሁኑኑ አንሳው! ተራ ነው፣ ምንም የተለየ ነገር የለውም ማለቱ ነው። ወፍጮው ሲያወጣው የዋለ፣ ያልተመረጠ ዕቃ እንደማለት። «ራን ኢት ባይ ሚ» ደግሞ መጀመሪያ አሳየኝ፣ ልይልህ ነው፤ ያውም የሩጫው ተቃራኒ፣ ቆም በል ማለት ነው።

---

መምህር_ዘጣና — ዓርብ

የፍሪላንሰሩን ለተማሪዎቼ እወስደዋለሁ፣ ካልከፋህ። ስምህን አልጠራም።

---

አዲስ_ፍሪላንሰር — ዓርብ

ይውሰዱት መምህር። አንስቼዋለሁ። የሚያስቀው ነገር፣ ተለጥፎ ሳለ ሦስት ያገር ልጆች «እንኳን ደስ ያለህ» ብለውኝ ነበር።

---

የእማማ_ሹፌር — የሚቀጥለው ሳምንት፣ ሐሙስ

ቃሌን ጠብቄ ልንገራችሁ። ዛሬ ሄድን። አስተርጓሚዋ በቪዲዮ መጣች፣ ትልቅ ሰው ናቸው፣ አማርኛቸው የጎንደር ነው። እኔ ጥግ ላይ ዝም ብዬ ቁጭ አልኩ። ሐኪሟ አርባ ደቂቃ ዘግይታ ገብታ ይቅርታ ስትጠይቅ ያቺን ቃል ደገመቻት፣ ራንኒንግ ሌት። እናቴ ከአስተርጓሚዋ በፊት ሰማቻት፤ «ራን» የምትለዋን ለይታ ታውቃለች አሁን። ወደ ስክሪኑ ጠጋ ብላ «እሷንም ጀመራት እንዴ? ምነው ታዲያ መድኃኒቱን ለራሷ አትወስድም?» አለቻቸው።

አስተርጓሚዋ ሥርዓት አክባሪ ሴት ናቸው፣ የተባለውን ሁሉ መተርጎም ግዴታቸው ነው። ተረጎሙት።

ደግሞ የምርመራው ውጤት ደህና ነው፣ ስለ ጸሎታችሁ እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

---

ሐበሻ_ነርስ — ሐሙስ ማታ

እሰይ! እማማን ሳምልኝ። ሐኪሟ ምን አለች?

---

የእማማ_ሹፌር — ሐሙስ ማታ

«ነካ አድርጎኛል» ብላ ሳቀች። በነገራችን ላይ መምህሩ ያነሷትን ሁለተኛዋን ቃል፣ የ430ዋን፣ ለብቻዋ የውይይት ክር ልክፈትላት አስቤያለሁ። ርዕሱ «ሴት ስንት ትርጉም አላት?» ይሁን?

---

የመድረኩ_አስተናባሪ — ሐሙስ ማታ

ክፈት፣ ርዕሱን ግን በዚህ መልክ አላሳልፍልህም። ባለፈው ዓመት ተመሳሳይ ርዕስ ለሁለት ሳምንት አላስተኛኝም።